ቲክቶክ የያዘውን ልጅ እንዴት እንመልሰው? ለድሬ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ልጅ ከስልኩ ጋር የሚጠፋባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። አንዱ ቀትር ነው። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ትልቁ ሰው ምሳውን በልቶ ወይ ጋደም ሲል ወይ በርጫ ሲቀመጥ። ሌላው ሌሊት ነው። ቤቱ ሁሉ ተኝቶ አጎበሩ ውስጥ የስክሪን ብርሃን ብቻ ሲቀር። እኛ ወላጆች ግን የምንቆጣው በእነዚህ ሰዓቶች አይደለም። የምንቆጣው እራት ላይ፣ ልጁ ስልኩን ሲነካ ዓይናችን ሲያየው ነው። ቁጣው የሚወርደው ደህና በሆነው ሰዓት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ መመሪያ ከ13 እስከ 18 ዓመት ልጅ ላለው ሰው ነው። ስልክ በመንጠቅ አይጀምርም። ቀትሩንና ሌሊቱን በማስተካከል ነው የሚሠራው። መንጠቅ ለሦስት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ልጁ የጓደኛውን ስልክ ይዞ ጎረቤት ይቀመጣል። ሰዓት ማስተካከል አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ይቆያል።

መጀመሪያ ምን እንደያዘው ይግባችሁ

ቲክቶክ፣ የዩቲዩብ ሾርትስና የኢንስታግራም ሪልስ አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው። መጨረሻ የላቸውም። ጋዜጣ ያልቃል፣ ፊልም ያልቃል፣ ይሄ ግን ጣት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሌላ ያመጣል። አሥሩ ቪዲዮ የረባ ሳይሆን አሥራ አንደኛው ያስቃል። ቶምቦላ የሚያስቆርጠው ተስፋም ይኸው ነው። ቀጣዩ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ጣት አያርፍም።

በዚህ ላይ ራስን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው በሃያዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ልጄ ጨዋ ነው፣ ራሱን ይገዛል» ማለት የ15 ዓመት ልጅ ላይ ከአቅሙ በላይ መጫን ነው። እኛ በ40 ዓመታችን መች ራሳችንን ገዛን?

«ሱሰኛ» የሚለውን ስም ግን ቶሎ አትለጥፉበት። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። የሶሻል ሚዲያን ግን በበሽታነት አልመዘገበም። ለቤታችሁ የሚጠቅመው መለኪያ ሌላ ነው። እንቅልፉ ተነክቷል ወይ? የትምህርት ውጤቱ ወርዷል ወይ? ከቤት ሰው ጋር መብላትና ማውራት ትቷል ወይ? ድሮ የሚወደውን ኳስ ወይም ብስክሌት ጥሏል ወይ? ከነዚህ ሁለቱ «አዎ» ከሆኑ ወደ ሥራ ግቡ። አንዱም ካልሆነ ልጁ ስልክ ይወዳል ማለት ብቻ ነው፤ ተዉት።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ሙሉ መዝግቡ

በዚህ ሳምንት ምንም አትከልክሉ። እዩ ብቻ።

ልጁ የያዘው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚል አለ። ክፈቱት። በቀን ስንት ሰዓት በየትኛው አፕ ላይ እንደዋለ፣ ስልኩን ስንት ጊዜ እንደከፈተ፣ ስንት ኖቲፊኬሽን እንደመጣለት ያሳያል። አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» ይባላል። ይህን ከልጁ ጋር አብራችሁ እዩት። ተደብቃችሁ ከከፈታችሁት ቀጣዩ ሥራ ሁሉ ይበላሻል፤ በማግስቱ ፓስወርዱ ይቀየራል።

ደብተር ላይ የምትጽፉት ይሄን ነው፦ የትኛው አፕ፣ ስንት ሰዓት፣ በተለይ ደግሞ በየትኛው የቀኑ ክፍል። አጠገቡ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ጠዋት እንዴት እንደተነሳ፣ የቤት ሥራ ሠርቶ እንደሆነ ጻፉ። እናንተም ስልክ ላይ የዋላችሁትን ሰዓት አጠገቡ አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ የአባትየው ፌስቡክ ከልጁ ቲክቶክ አይተናነስም፣ ልጁም ይህን ያውቃል።

ስትመዘግቡ ሁለት ነገሮችን ለዩ። አንደኛ፣ ቴሌግራም ሁሉ ጨዋታ አይደለም። መምህራን ፒዲኤፍና ወርክሺት የሚልኩት እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ እናቱ ወይም አባቱ አረብ አገር ያሉ ልጅ ኢሞ ላይ የሚያወራው ከወላጁ ጋር ነው። እሱ ሰዓት ከቲክቶክ ጋር ተደምሮ «አራት ሰዓት ስልክ ላይ ዋልክ» ከተባለ ልጁ ይሰበራል፤ ደግሞም እውነቱ ከእሱ ጋር ነው።

አያት ዘንድ የሚያድግ ልጅ ከሆነ ሴቲንጉን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ልጁ የሚያከብረው ታላቅ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ፈልጉ። አያትየው ሕጉን ታውጣ፣ እሱ ቴክኒኩን ይሥራ።

ደረጃ 2፦ አውሩ፣ ግን ሰዓት መርጣችሁ

በቀትር ሙቀት የተጀመረ ወሬ ሁሉ ጠብ ይሆናል። ከ11 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ አድርጉት። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እየተራመዱ ማውራት ሳሎን ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመተያየት በጣም ይቀላል። ልጅ ጎን ለጎን ሲሄድ አፉ ይፈታል።

ምዝገባውን ይዛችሁ ጀምሩ። «ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ነቅተህ ነበር፤ ጠዋት እንዴት ነበርክ?» ብላችሁ ጠይቁ። አትስበኩ። «አቦ፣ ሁሉም ሰው ይጠቀም የለ!» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። «ልክ ነህ፣ እኔም እጠቀማለሁ። የእኔንም ቁጥር እየው» በሉት። እዚህ ላይ ልጁ ብዙ ጊዜ ይስቃል፤ ከዚያ ወሬው ይከፈታል።

ከዚህ ንግግር የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌሊቱና ቀትሩ እንዴት ይሁን በሚለው ላይ የእሱ ሐሳብ እንዲገባበት። ሕጉን ራሱ በእጁ ይጻፈው። ሦስት መስመር ይበቃል። አሥር ሕግ ያወጣ ቤት አንዱንም አያስከብርም።

ደረጃ 3፦ ሌሊቱን መልሱ

ከሁሉ በፊት ይሄን። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይሄን አትተዉ።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ተማሪ ቢዘገይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ሌሊት 8 ሰዓት የተኛ ልጅ አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚተኛው። ያ ልጅ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩን እያየ አይሰማም። ያነበበውንም አእምሮው አይዝለትም፤ በቀን የተማርነው የሚቀመጠው ስንተኛ ነውና። ቤት ውስጥ የምናየው መነጫነጭና ለታናናሾቹ መቆጣትም ብዙውን ጊዜ ባሕርይ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቡፌ ላይ ይቀመጣል። ቻርጀሮቹም እዚያው ይሰካሉ። «ሁሉ» ማለት የአባትና የእናትም ነው። የሌሊት ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እዚያው ይተወው፣ ሲጠራ ተነስቶ ያነሳዋል።

«ለአላርም ነው የምፈልገው» ይባላል። ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት። ከዚህ በላይ ገንዘቡን የሚመልስ ዕቃ አላውቅም።

ጥቅል አለመሙላት ብቻውን አይሠራም። የሌሊት ጥቅል ረከስ ያለ ነው፤ ጓደኛም በስጦታ ይልክለታል። ሲምም ሁለት ነው። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ሲጀምር ቀድሞ የከፈተው እኛው ድሬ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ሲም ሲያልቅ በሌላው የሚቀጥል ልጅ ብዙ ነው። ቤት ዋይፋይ ካለ ራውተሩን ማታ ማጥፋት ቀላሉ ነው። የጎረቤት ዋይፋይ ከሆነ ጎረቤትን ማነጋገር ነው። ድሬ ላይ ይሄ ከባድ አይደለም። ቡና ላይ አንድ ቃል ይበቃል።

በሙቀቱ ወራት ግቢ ወይም በረንዳ ላይ የሚተኛ ቤተሰብ ዕድለኛ ነው። አጎበር ብርሃን አይደብቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ልጁ እንቅልፍ አይመጣለትም፣ ይገላበጣል፣ ይቆጣል። መጽሐፍ ወይም ሬዲዮ ስጡት። አብራችሁ ትንሽ አውሩ። ሰውነቱ ወደ ድሮው ሰዓት እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትመልሱለት።

ደረጃ 4፦ የቀትሩን ባዶ ሙሉት

ይሄ የእኛ ከተማ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ የተጻፈ ምክር «ልጁን ውጭ አውጡት» ይላል። ግንቦት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ወደ 35 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ ልጅ የት ይወጣል?

በፈረቃ ጠዋት የተማረ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ቤት ይገባል። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ማንም አያየውም። የሳምንቱን ምዝገባ ካያችሁት ትልቁ ቁጥር ምናልባት እዚህ ነው። እነዚህን ሦስት ሰዓቶች እንዲህ ከፋፍሏቸው።

ከምሳ በኋላ ይተኛ። በእውነት ይተኛ፣ ግን ከ30 ወይም 40 ደቂቃ አይለፍ፣ ሌሊቱን እንዳያበላሽ። ስልኩ ያኔም ቡፌው ላይ ነው።

ከዚያ ለስልክ የተፈቀደ አንድ ሰዓት ይኑረው። አዎ፣ ቀን ላይ። የሚታወቅ ሰዓት ከሌለው ሁሉም ሰዓት የስልክ ይሆናል። ከ8 እስከ 9 ተባባሉ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ባለበት ይሁን። በር ተዘግቶ ብቻውን አይደለም።

ከ9 እስከ 10 ሰዓት ጥናት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይግባ። ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ የተቀመጠ ስልክ «ቴሌግራም መጣ ይሆን?» ያሰኛል፤ ከሒሳብ ወደ ስልክ ሄዶ የተመለሰ ጭንቅላት ጥያቄውን ከመጀመሪያው ማንበብ ይገደዳል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያንብብ፣ አምስት ደቂቃ ተነስቶ ውኃ ይጠጣ፣ ይድገም። መምህሩ በቴሌግራም የላከው ፒዲኤፍ ካለ በተፈቀደው ሰዓት አውርዶ ዴታውን ይዝጋ። ረጅም ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተም። ወረቀት ላይ ኖቲፊኬሽን አይመጣም።

ከ10 ተኩል በኋላ ውጭ። እዚህ ላይ ድሬ ትክሳለች። ምሽቷ የመውጫ ነው። ኳስ፣ ብስክሌት፣ ሱቅ መላክ፣ አክስት ቤት ሳምቡሳ ማድረስ፣ ምንም ይሁን። ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ በበጋ ደህና ነው። የዝናብ ወራት ግን እዚያ እንዳይወርድ። በ1998 ክረምት የወረደው ጎርፍ የወሰዳቸውን ሰዎች የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፤ ልጆቹ ግን ያኔ አልተወለዱም።

ለሴት ልጅ ይሄ ክፍል ይከብዳል። ወንድሟ ኳስ ሲሄድ እሷ ቤት ሥራ ላይ ትቀራለች፣ ሲያልቅ ያላት መዝናኛ ስልክ ብቻ ነው። ከዚያ «ስልክ አበዛች» ትባላለች። ስልኳን ከመቁጠራችሁ በፊት የቤት ሥራውን ለሁለት ክፈሉ፤ ከጓደኛዋ ጋር የምትወጣበትም ሰዓት ስጧት።

ስለ በርጫም አንድ ነገር። አዋቂው በቀትር ክፍል ዘግቶ ስልኩን እያገላበጠ ለልጁ «ስልክ ተው» ቢለው አይሠራም። ቢያንስ ከ9 እስከ 10 ባለው የጥናት ሰዓት ከአዋቂዎቹ አንዱ ያለ ስልክ ሳሎን ይቀመጥ።

ደረጃ 5፦ ስልኩ ውስጥ የሚነካኩ ነገሮች

እነዚህን ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ሥሩ።

ኖቲፊኬሽን፦ ከስልክ ጥሪና ከቤተሰብ መልእክት በቀር ሁሉንም አጥፉ። ይሄ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ስልክ የሚከፈትበትን ብዛት ወዲያው ይቀንሳል።

የአፕ ገደብ፦ ዲጂታል ዌልቢይንግ ውስጥ ለእያንዳንዱ አፕ የደቂቃ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። ደቂቃው ሲሞላ አፑ ይዘጋል። ልጁ ራሱ መልሶ ሊከፍተው ይችላል፤ ስለዚህ ይሄ ለተስማማ ልጅ ማስታወሻ ነው። ለማይስማማው ከጉግል «ፋሚሊ ሊንክ» አለ፤ በወላጁ ስልክ የልጁን ሰዓትና አፕ መቆጣጠር ያስችላል።

ቲክቶክ፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ በቀን 60 ደቂቃ ገደብ በራሱ ያስቀምጣል። ግን ገደቡ የሚሠራው አካውንቱ ሲከፈት ትክክለኛ ዕድሜ ከተጻፈ ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጃችሁ አካውንቱ ላይ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ዕድሜውን አረጋግጡ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚለውን ከፍታችሁ የእናንተን ቲክቶክ ከእሱ ጋር አገናኙ። ገደቡን የምታወጡት ያኔ እናንተ ናችሁ። ማን መልእክት ሊልክለት እንደሚችልም ትወስናላችሁ።

ዩቲዩብ፦ «አውቶፕሌይ» ይጥፋ። ቴሌግራም፦ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ «ኦቶ ዳውንሎድ» ይዘጋ፤ ከትምህርት ግሩፕ በቀር ያለው ሁሉ ሚዩት ይሁን። «የፈተና መልስ አለን» የሚሉ ቻናሎችን አብራችሁ አጥፉ፤ ገንዘብ የሚበሉ አጭበርባሪዎች ናቸው።

ደረጃ 6፦ ትምህርት ቤቱን ያዙ

የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኙ። «ውጤቱ እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። የትኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደሚያንቀላፋ፣ የክፍል ሥራ ይጨርስ እንደሆነ ጠይቁ። እነዚህ ከካርዱ ቀድመው የሚታዩ ናቸው።

በ2015 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሄን ስልክ ብቻ ነው ያመጣው የሚላችሁን አትመኑ፤ የትምህርቱ ችግር ብዙ ነው። ግን ተማሪው ለፈተናው ግቢ የሚገባው ስልክ ሳይዝ እንደሆነ ለልጃችሁ ንገሩት። ሁለት ሰዓት ያለ ስልክ መቀመጥ የማይችል ልጅ እዚያ ገብቶ እንዳይጨነቅ ከአሁኑ ይለማመድ።

ከሰፈራችሁ ሦስት አራት ወላጅ ጋር ተስማሙ። የጓደኞቹም ስልክ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከተቀመጠ ልጁ የሚያመልጠው ወሬ የለም። ከፍርሃቱ ግማሹ «ግሩፑ ላይ ምን ተባለ?» ነው።

ሕጉን ሲጥስ

ይጥሳል። አሮጌ ስልክ ቡፌ ላይ ትቶ ዋናውን አጎበር ውስጥ ይዞ ይገባል። ቅጣቱ ቀድሞ የታወቀ ይሁን፦ የነገው የተፈቀደ ሰዓት ይቀራል፣ አበቃ። ስልክ መስበር፣ መምታት፣ ዘመድ ፊት ማዋረድ የለም። የተሰበረ ስልክ ገንዘብ ነው፤ የተዋረደ ልጅ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሚነግራችሁ ነገር አይኖርም።

የሚነግራችሁ ነገር መኖሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጣዩ ይናገራል።

ከዚህ ያለፈ ሲሆን

ልጁ በድንገት ስልኩን መፍራት ከጀመረ፣ መልእክት ሲመጣ ከደነገጠ፣ ገንዘብ ከጠየቀ ወይም ከቤት ከጠፋ፣ ምናልባት በፎቶ የሚያስፈራራው ሰው አለ። አትጩኹበት። ገንዘብ አትላኩ፣ ቻቱን አታጥፉ። ስክሪንሹት አንሱ፣ የአካውንቱን ስም መዝግቡ፣ ከዚያ ፖሊስ ጋር ሂዱ። በኮምፒውተር ማስፈራራትና የልጆችን የወሲብ ምስል ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። «ስማችን ይጠፋል» ብሎ ዝም ማለት የሚጠቅመው አስፈራሪውን ነው።

ልጁ መብላት ካቆመ፣ ከሰው ሙሉ በሙሉ ከራቀ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከወጣው፣ የስልክ ሕግ ጉዳይ አይደለም። ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱትና የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ። ጸበሉም ዱዓውም ከሕክምናው ጎን ሊሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሁሉም ደህና ከሆነ ግን በየወሩ መጨረሻ ዲጂታል ዌልቢይንጉን እንደገና አብራችሁ ክፈቱ፣ የእናንተንም ስልክ ጭምር። ቁጥሩ ከወረደ የተፈቀደውን ሰዓት ትንሽ አስፉለት፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይሁንለት። የምሽቱን 3 ሰዓት ግን እዚያው ተዉት።